«ካንሰር ካልሆነ ለምን ይከፈታል?» ስለ ሜኒንጂዮማ (የአንጎል ልባስ ዕጢ) ለቀረበ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ታናሽ እህቴ 43 ዓመቷ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። ዓመት ሙሉ ራሷን ሲያማት ቆይቶ፣ ከወር በፊት ቀኝ እጇ ለብቻው መንዘፍዘፍ ጀመረና ራሷን ስታ ወደቀች። ኤምአርአይ ተነሣች፤ ሪፖርቱ ‹ሌፍት ፍሮንታል ኮንቬክሲቲ ሜኒንጂዮማ፣ 4.2 ሴንቲ ሜትር› ይላል፤ በዙሪያው ያለው አንጎልም አብጧል ተባልን። ዴክሳሜታዞን 4 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለመንዘፍዘፉ ደግሞ ሌቬቲራሴታም 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ታዘዘላትና ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል አሉን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ራስ ምታቱ ሲለቃትና ፊቷ ሲያብጥ ዴክሳሜታዞኑን በራሷ አቆመች፤ ይኸው ሁለተኛ ቀኗ ነው። ዘመድ ‹ካንሰር ካልሆነ አታስነኩት፣ ቢላ ከነካው ይሰራጫል› ይላል። እናታችን ጸበል ትቆይ ትላለች። አሜሪካ ያለው ወንድማችን በጨረር ያለ ቢላ የሚጠፋበት አገር እንፈልግ ይላል። ዘጠኝ ዓመት የሦስት ወር መርፌ ተወግታለች፤ እሱ ይሆን ያመጣባት? ብትሠራስ እንደ ድሮዋ ትሆናለች?»

ምላሽ፦ ከሁሉም በፊት ዴክሳሜታዞኑ። ዛሬውኑ ለሐኪሟ ደውሉ፤ ካላገኛችሁት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ራስ ምታቱ የለቀቃት ዕጢው ስለቀነሰ አይደለም። ዴክሳሜታዞን ዕጢውን አይነካውም፤ የሚያደርቀው ዕጢው ባበሳጨው አንጎል ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ ነው። መድኃኒቱ ሲቋረጥ እብጠቱ በቀናት ውስጥ ይመለሳል፤ ራስ ምታቱ፣ ትውከቱና መንዘፍዘፉም አብረውት ሊመጡ ይችላሉ። ሌላም አደጋ አለ። በቀን 12 ሚሊ ግራም ለሦስት ሳምንት የወሰደ ሰው አድሬናል የሚባሉት ዕጢዎቹ ሥራ ፈትተው ይቆያሉ። (ቋንቋችን እዚህ ላይ ያደናግራል፤ ጤነኛ ሆኖ ሆርሞን የሚያመርተውንም፣ ያለ ቦታው የበቀለውንም «ዕጢ» ነው የምንለው።) አድሬናሎቹ ወደ ሥራቸው እስኪመለሱ ጊዜ ስለሚፈልጉ መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም የደም ግፊት ይወርዳል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሰውየው ተዝለፍልፎ ሊወድቅም ይችላል። ስለዚህ ዴክሳሜታዞን ሐኪሙ በሚሰጠው ሰሌዳ መሠረት ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው የሚቆመው። ምን ያህል መልሳ እንደምትጀምርም እናንተ አትገምቱ።

የፊቷ ማበጥ የመድኃኒቱ የታወቀ ባሕርይ ነው፤ መጠኑ ሲቀንስ እሱም ይቀንሳል። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር ይወሰድ፤ የቀኑ የመጨረሻ ኪኒን ከሰዓት በኋላ በጊዜ ቢዋጥ ይሻላል፤ አምሽቶ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሣል። የደም ስኳሯ ይለካ፤ ስኳር ኖሮባት የማያውቅ ሴት እንኳ በዚህ መድኃኒት ስኳሯ ሊወጣ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ታሞ የዳነ ወይም አሁን የሚያስል ሰው በቤት ካለ ንገሯቸው፤ ዴክሳሜታዞን የተኛን ነቀርሳ ይቀሰቅሳል።

አሁን «ካንሰር ካልሆነ» ወደሚለው እንምጣ። ካንሰር አይደለም ማለት ሕዋሱ ወደ ሳንባና ጉበት አይሄድም፣ ዝግ ብሎ ያድጋል ማለት ነው። ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ሆድ ውስጥ 4 ሴንቲ ሜትር ዕጢ ቦታ አያጣም፤ የራስ ቅል ግን አጥንት ስለሆነ አይለጠጥም። ሜኒንጂዮማ የሚበቅለው ከአንጎሉ ከራሱ ሳይሆን አንጎልን ከሸፈነው ስስ ልባስ ነው፤ አንጎሉን ከውጭ ወደ ውስጥ እየገፋ ለዓመታት ያድጋል። አንጎሉ መጀመሪያ ቦታ ይለቃል፣ ስለዚህ ሰው አይታወቀውም። ቦታው ሲያልቅ ራስ ምታት፣ ከዚያም እንደ እህትዎ መንዘፍዘፍ ይመጣል። እጇ ቀኝ ሆኖ ዕጢው በግራ መሆኑ አይግረማችሁ፤ ቀኝ እጅን የሚያዘው የግራው አንጎል ነው።

«ቢላ ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ለሜኒንጂዮማ አይሠራም። አባባሉ የመጣው ምናልባት ዘግይተው ተከፍተው ዕጢው ከተረፈ ቁራጭ መልሶ ካደገባቸው ሰዎች ይሆናል። መልሶ ማደግ አለ፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ፤ መንሥኤው ግን ቢላው የነካው ሳይሆን ያልደረሰበት ነው። ደግሞም «ካንሰር አይደለም» የተባለው በምስል ነው። ከሜኒንጂዮማዎች 80 በመቶ የሚሆኑት ደረጃ 1፣ ማለትም ዝግተኛዎቹ ናቸው። የቀሩት ደረጃ 2፣ ጥቂቶቹም ደረጃ 3 ናቸው። ይህን የሚለየው ኤምአርአይ ሳይሆን ከወጣ በኋላ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ሥጋ ነው።

ስለ መርፌው ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው። ሜኒንጂዮማ በሴቶች ላይ ከወንዶች በእጥፍ ገደማ ይበዛል፤ ብዙዎቹ ዕጢዎችም ፕሮጄስቴሮን የሚባለውን ሆርሞን የሚቀበል በር አላቸው። በ2024 በፈረንሳይ ተጠንቶ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ሰፊ ሥራ፣ ሜድሮክሲፕሮጄስቴሮን ያለበትን መርፌ (የእኛን ዴፖ) ከአንድ ዓመት በላይ በወሰዱ ሴቶች ላይ ለቀዶ ሕክምና የሚያደርስ ሜኒንጂዮማ ከማይወስዱት በአምስት እጥፍ ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ሆርሞን ባለው ሉፕ ላይ ግን ጭማሪ አላገኘም። የእህትዎ ዕጢ በመርፌው መጣ ብሎ የሚምል ሐኪም የለም፤ የሚቀጥለውን መርፌ እንዳትወጋ ግን በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ ወይም ኮንዶም ይተካው። ይህን የምታነቡ ሌሎች ሴቶች ደግሞ ተደናግጣችሁ መርፌውን አትጣሉ፤ አምስት እጥፍ የሆነው በጣም ትንሽ የነበረ ዕድል ነው፣ ያልታሰበ እርግዝናም የራሱ አደጋ አለው። ብዙ ዓመት የወሰደችና አዲስ፣ የማይለቅ ራስ ምታት ወይም የእይታ ለውጥ ያላት ሴት ግን ለሐኪም «መርፌ እወስዳለሁ» ብላ ትንገር። ከዚህ ሌላ በእርግጥ ከታወቁት መንሥኤዎች አንዱ በልጅነት ራስ ላይ ያረፈ ጨረር ነው። በእስራኤል በ1950ዎቹ የራስ ቆረቆር በጨረር የታከሙ ሕፃናት ካደጉ በኋላ ሜኒንጂዮማ በዝቶባቸው ተገኝቷል። ምች፣ ቡዳ፣ የሰው ዓይን፣ ብዙ ማሰብ፣ ቡና፣ ከወሊድ በኋላ ያለመጠንቀቅ፦ አንዱም አያመጣውም። እህትዎ ራሷን የምትወቅስበት ነገር የለም።

ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው፤ ለእሷ የሚሆነው አንዱ ነው። መጀመሪያው ተከታትሎ መቆየት ነው። ለሌላ ጉዳይ ፎቶ ሲነሡ በአጋጣሚ ለተገኘ፣ ምልክት ለሌለው፣ ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ ዕጢ ትክክለኛው ሕክምና ይኸው ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ኤምአርአይ፣ ከዚያ በየዓመቱ እስከ አምስት ዓመት፣ ቀጥሎ በየሁለት ዓመቱ። እንዲህ ያሉት አብዛኞቹ በዓመት ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያድጋሉ፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ ይቆማሉ። የ75 ዓመት አዛውንት እንዲህ ያለውን ዕጢ ይዘው ሌላ ነገር እስኪጠራቸው ሊኖሩ ይችላሉ። እህትዎ ግን 43 ዓመቷ ነው፤ ዕጢው 4.2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንጎሏ አብጧል፤ ወድቃለች። ለመጠበቅ የሚሆን አንድም መስፈርት አታሟላም።

ሁለተኛው ወንድማችሁ የሚለው ጨረር ነው። ጋማ ናይፍና መሰሎቹ ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆኑ፣ በተለይ ከራስ ቅል ሥር ከዓይን ነርቭና ከደም ሥር ጋር ተጠላልፈው ቢላ ለማይደርስባቸው ዕጢዎች ግሩም ሕክምና ናቸው። ያኔም ዕጢውን አያጠፉትም፤ እንዳያድግ ያደርቁታል እንጂ። ትልቅና አንጎልን ያሳበጠ ዕጢ ላይ ሲተኮስ ግን ጨረሩ ራሱ እብጠቱን ያባብሳል፤ ግፊቱንም አሁን አያነሣውም። በአውሮፕላን ተሻግራችሁ የምትከፍሉት ለማይመጥናት ሕክምና ይሆናል።

ሦስተኛው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ምክሬም እሱ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ፣ ክረምት እስኪያልፍ ሳይባል። ቦታው ደግሞ ለእሷ ያደላል። «ኮንቬክሲቲ» ማለት ዕጢው በአንጎሉ የላይኛው ገጽ፣ ልክ ከአጥንቱ ሥር ነው ማለት ነው። ሐኪሙ አጥንቱን እንደ ክዳን ከፍቶ ዕጢውን ከተጣበቀበት ልባስ ጋር ቆርጦ ማውጣት የሚችልበት፣ ከሜኒንጂዮማዎች ሁሉ ለቀዶ ሐኪም የሚመቸው ቦታ ነው። ልባሱ ጭምር ተቆርጦ ሲወጣና ቁራጭ ሲቀር ያለው ልዩነት ከጥንት ይታወቃል። ሲምፕሰን የተባለው ሐኪም በ1957 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምደባ፣ ሙሉ በሙሉ ከወጣላቸው መልሶ ያደገባቸው 9 በመቶ፣ ከፊሉ ከቀረባቸው ደግሞ 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሐኪሙን «ልባሱን ጭምር ማውጣት ይቻላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።

አደጋ የለውም አልልም። ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ የአንጎል ፈሳሽ መንጠብጠብ፣ በእግር የደም ሥር ውስጥ ደም መርጋት አለ። በእሷ ላይ በተለይ የቀኝ እጅ መድከምና የንግግር መጎተት ሊከሰት ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ እብጠቱ ሲወርድ በሳምንታትና በወራት ይመለሳል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ይህን ከፊርማው በፊት ሐኪሙ ፊት ለፊት ይንገራችሁ።

የት ትሠራ? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ በርገን ጋር በመተባበር የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከጀመረ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህ ቀዶ ሕክምና አገር ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱና ኮሪያ ሆስፒታል የምንለው ሚዩንግ ሳንግ ይጠቀሳሉ። ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ መሄድ ትርጉም የሚኖረው ዕጢው ከራስ ቅል ሥር ጥልቅ ሲሆን ነው። ለኮንቬክሲቲ ቤት ሸጦ መሰደድን አልመክርም፤ ገንዘቡ ከቀዶው በኋላ ላሉት ዓመታት ያስፈልጋል። የእኛ ችግር ወረፋው ነው። ተራ እየጠበቃችሁ ሳለ ማስታወክ ከመጣ፣ ቀን ቀን መተኛት ካበዛች፣ ዓይኗ ከደበዘዘ ወይም መንዘፍዘፍ ከደጋገማት ወረፋው አይመለከታችሁም፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። በዚህ ሳምንትም የዓይን ሐኪም የዓይኗን ጀርባ ይይላት። በራስ ቅል ውስጥ ያለ ግፊት የዓይንን ነርቭ ያሳብጣል፤ ከቆየ የሚጠፋው ብርሃን አይመለስም።

ጸበሉን በተመለከተ እናታችሁን ተዪ በሏት አልልም። መጠመቅና መድኃኒት መዋጥ አይጣሉም፤ ችግር የሚመጣው ኪኒኑ ቤት ሲቀር ነው። የሚጥላት ሰው ብቻዋን ውኃ ውስጥ አትቁም፤ ሁለት ሰው ይያዛት። በአንድ ጊዜ ሊትር በሊትር መጠጣት የደምን ጨው አቅጥኖ መንዘፍዘፍ ይቀሰቅሳል፤ በልክ ትጠጣ። ዴክሳሜታዞን በባዶ ሆድ ጨጓራ ስለሚያቆስል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበላ አትቆይ፤ ሕመምተኛ እንዲህ ካለው ጾም ነጻ መሆኑን ንስሐ አባቷ ያውቃሉ። የጾም ምግብ መብላቱ ግን ምንም አይጎዳትም። ከቀዶው በኋላ ደግሞ ስፌቱ ተፈትቶ ቁስሉ እስኪደርቅ ውኃ ራሷን አይንካ።

ከቀዶው በፊት አስፒሪን የምትወስድ ከሆነ ንገሩ፤ ብዙውን ጊዜ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ቀድሞ ይቆማል። ደም የሚለግስ ዘመድ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ቀዶው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ መርዘሙ ክፉ ምልክት አይደለም። የመጀመሪያውን ሌሊት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ታድራለች፤ ነርሶቹ በየሰዓቱ እየቀሰቀሱ «እጅሽን ጨብጪ፣ ስምሽ ማነው?» ይሏታል። አስታማሚ በዚህ ይናደዳል፤ ግን ውስጥ ደም ከፈሰሰ መጀመሪያ የሚታወቀው በዚያ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የግራ ዓይኗ ቆብ አብጦ ሊገጥምና ሊጠቁር ይችላል። ይህን ያየ ቤተሰብ «ዓይኗን አጠፏት» ይላል። የራስ ቆዳው እብጠት ወደ ታች ወርዶ ነው፤ ትራሷን ከፍ አድርጉላት፣ በሳምንት ይከፈታል። ጭንቅላቷ ውስጥ ውኃ እንደሚንቦጫረቅ፣ አጥንቱም ቀጭ እንደሚል ትነግራችሁ ይሆናል፤ አየሩ እስኪመጠጥና አጥንቱ እስኪይዝ ነው። በስፌቱ ዙሪያ ያለው መደንዘዝ ወራት ይቆያል። ስፌቱ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ይፈታል። ቤት ከገባች በኋላ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ ከቁስሉ ወይም ከአፍንጫ ጠብ የሚል ንጹሕ ውኃ፣ የአንድ እግር ባት ማበጥ፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ እንቅልፍ መብዛት ከታየ አትደሩ፤ ሂዱ።

ሌቬቲራሴታሙ ከቀዶው በኋላም ይቀጥላል። መንዘፍዘፍ ኖሮባቸው ዕጢው ከወጣላቸው ሰዎች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ይተዋቸዋል፤ መድኃኒቱን መቼ መቀነስ እንደሚቻል የሚወስነው ግን የነርቭ ሐኪሙ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት ብላችሁ ስልኳ ላይ ሙሉላት። ኪኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግዙ፤ ከመድኃኒት ቤት ጠፍቶ «ይህም ያው ነው» ተብሎ ፌኒቶይን የሚባል ሌላ የመንዘፍዘፍ መድኃኒት ቢሰጣችሁ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትቀይሩ፤ ፌኒቶይን የዴክሳሜታዞንን፣ የክንድ ሥር ኢምፕላንትንና የአንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችን አቅም ያዳክማል። ሌቬቲራሴታም አንዳንዱን ሰው ቁጡ ያደርገዋል። «ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ጠባይዋ ተለወጠ» ከማለታችሁ በፊት ይህን ለሐኪሙ ንገሩ፤ መጠን በማስተካከል ወይም በመቀየር የሚፈታ ነው።

ብትወድቅ በጎን አስተኟት፣ ከራሷ ሥር ነጠላ አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ማንኪያ ጥርስ ውስጥ መክተት፣ እጅና እግር መጫን አይረዳም፤ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ከደገማት ሆስፒታል። ከዚህ በኋላ እናንተ ቤት መለወጥ ያለበት ምድጃው ነው። ብቻዋን እንጀራ እየጋገረች ወይም ከሰል ላይ ወጥ እያማሰለች ያንዘፈዘፋት ሴት ከዕጢው በላይ የሚጎዳት እሳቱ ነው። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ምጣዱን ሌላ ሰው ይያዝ፤ እሷ ተቀምጣ ሽንኩርት ትክተፍ። መሰላል፣ የጉድጓድ ውኃ፣ በር ቆልፎ መታጠብም እንዲሁ። መኪና የምትነዳ ከሆነ ከመጨረሻው መንዘፍዘፍ ቢያንስ ዓመት ይለፍ።

«እንደ ድሮዋ ትሆናለች?» ላሉት፣ ብዙዎቹ ይሆናሉ፤ ቤተሰብ በሚጠብቀው ፍጥነት ግን አይደለም። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ይድናል፤ አንጎሉ ግን ወራት ይፈልጋል። ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚቆይ ድካም የተለመደ ነው፤ ገበያ ሄዳ ስትመለስ ልትተኛ፣ ቃል ሊጠፋባት፣ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ ልትቸገር ትችላለች። ጠያቂ በዝቶ ቀኑን ሙሉ ቡና እየተፈላ ከተቀመጠ ይባስባታል፤ የጠያቂውን ሰዓት ወስኑ። ስድስት ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አታንሣ፤ እንስራም ሆነ ልጅ። በየቀኑ ግን ትራመድ፣ አሥር ደቂቃ ብላ ትጀምርና በየሳምንቱ ትጨምር። እጇ ከደከመ ፊዚዮቴራፒው ከሆስፒታል ሳትወጣ ይጀመር። የቢሮ ሥራ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ በግማሽ ቀን መጀመር ይቻላል። ማልቀስ፣ ከሰው መሸሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ ለሐኪም ይነገር፤ በዚህ ሕመም ላይ ድባቴ ይበዛል፣ ይታከማልም።

ከቀዶው ቀን አንድ ነገር እንዳታልፋችሁ። የወጣውን ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ ላብራቶሪ እናንተ እንድታደርሱ ከተሰጣችሁ፣ ከናሙናው አሥር እጥፍ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መጥለቁን እዩ፤ በውኃ ወይም በጨው ውኃ አይሁን፣ ማቀዝቀዣ ውስጥም አይደር፣ በዚያው ቀን ይድረስ። ሥጋው ከተበላሸ ደረጃውን ማንም ሊነግራችሁ አይችልም፤ ክትትሏን የሚወስነው ደግሞ እሱ ነው። ደረጃ 1 ሆኖ ሙሉ በሙሉ ከወጣ፣ ከሦስት ወር በኋላ የመነሻ ኤምአርአይ፣ ከዚያ በየዓመቱ እስከ አምስት ዓመት፣ ቀጥሎ በየሁለት ዓመቱ። ደረጃ 2 ከሆነ በየስድስት ወሩ ነው፤ ጨረርም ሊጨመር ይችላል፣ ያኔ የወንድማችሁ ሐሳብ ቦታ ያገኛል።

ኤምአርአዩን በተነሣች ቁጥር ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውን ተቀበሉ፤ ሲዲ ስለሚጫር በፍላሽ አስገልብጡ። ሐኪሙ አዲሱን ከባለፈው ዓመቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ጋር እንዲያነጻጽር ጠይቁት። በዓመት 1 ሚሊ ሜትር የሚያድግ ነገር ካለፈው ፎቶ ጋር ሲታይ የመለኪያ ስሕተት ይመስላል፤ ከአምስት ዓመት በፊቱ ጋር ሲታይ ግን 5 ሚሊ ሜትር ነው።